ያለ መዋጮ የቆመ ቤት አለ ወይ?
ስለ ሊበርላንድና ስለ ስዊድን አገር የቀረበ አጭር ታሪክ



ባለፈው ዓመት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከወጣት አባሎቻችን አንዱ እጁን አውጥቶ የተናገረውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አትቀየሙኝ» ብሎ ጀመረ። «እዚህ ዕድር ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም ቀን ድንኳን አልተተከለልኝም። መዋጮውን ግን በየወሩ እከፍላለሁ፤ ቀብር ስቀር ደግሞ እቀጣለሁ። መዋጮው በውዴታ ቢሆን ምን ይላችኋል? የፈለገ ይክፈል፣ ያልፈለገ ይተው። ግብር በውዴታ ብቻ የሚከፈልበት አገር እንኳ ተቋቁሟል እኮ፤ ስሙም ሊበርላንድ ይባላል።» ያን ጊዜ ከፊሉ ሳቀ፣ ከፊሉም አጉረመረመ። ዳኛው «ነገሩ ለሚመጣው ስብሰባ ይቆይ» ብለው ዘጉት። ልጁ ግን አልቀለደም። ጥያቄውም በሳቅ የሚታለፍ አልነበረም።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜያችንን የፈጀነው በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስናስገባና ስናወጣ ነው። በጡረታ ከተገለልን ወዲህም የዚሁ ዕድር ጸሐፊ ሆነን ስንሠራ ቆይተናል። የመዝገብ ቤት ሰው ደግሞ በወሬ የሰማውን ነገር በጽሑፍ ሳያገኝ አያምንም። ስለዚህ የሊበርላንድን ጉዳይ ከልጆቻችን ጋር ሆነን አነበብን። እንዲሁም ብዙ ግብር በመክፈል የታወቀውን የስዊድንን አገር ታሪክ አነበብንና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን አመዛዘንን። ያገኘነውን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሊበርላንድ እንዴት ተመሠረተ?

ዳኑብ የሚባለው ታላቅ ወንዝ በአውሮፓ መካከል ሲፈስ በአንድ ስፍራ ላይ ክሮኤሺያንና ሰርቢያን ይለያል። እነዚህ ሁለት አገሮች ቀድሞ ዩጎዝላቪያ በሚባል አንድ አገር ውስጥ ነበሩ። በ1991 ዓ.ም. ዩጎዝላቪያ መፍረስ ስትጀምር የውስጥ ወሰን የነበረው የመንግሥታት ወሰን ሆነ። ክርክርም ተነሣ። ምክንያቱም ወንዙ በ19ኛው መቶ ዓመት በተሠራ ሥራ ጠመዝማዛው ተቆርጦ እንዲቀና ተደርጎ ነበር። ክሮኤሺያ «ወሰኑ የድሮው የመሬት መዝገብ የሚያሳየው ነው» ትላለች። ሰርቢያ ደግሞ «የለም፣ ወሰኑ ዛሬ ወንዙ የሚፈስበት መካከል ነው» ትላለች።

በዚህ ምክንያት በወንዙ ምሥራቅ ያለውን ሰፊ መሬት ሁለቱም ይፈልጉታል። በምዕራብ በኩል ያሉ ጥቂት ቁርጥራጭ ቦታዎች ግን ሁለቱም «የኔ ነው» የማይሏቸው ሆነው ቀሩ። ክሮኤሺያ ቁራሹን «የኔ ነው» ብትል የሰርቢያን አቆጣጠር እንደ ተቀበለች ይቆጠርባትና ትልቁን መሬት ታጣለች። በአጥር ክርክር ፍርድ ቤት የሄዱ ጎረቤታሞች ይህን ዓይነቱን ነገር ያውቁታል። ትልቁን ለማግኘት ሲባል ትንሹን አለመንካት አለ።

ከነዚህ ቁርጥራጮች ትልቁ ጎርኒያ ሲጋ ይባላል። ስፋቱ 7 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአባቶቻችን አለካክ 17 ጋሻ ተኩል ግድም ቢሆን ነው። ደን የለበሰ፣ ከወንዝ ዳር ያለ ባዶ መሬት ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ቪት ዬድሊችካ የሚባል የቼክ አገር ፖለቲከኛ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር እዚያ ሄዶ ቢጫ መደብ በመካከሉ ጥቁር መስመር ያለው ሰንደቅ ዓላማ ተከለና «ሊበርላንድ የተባለ ነፃ አገር ተመሥርቷል» ብሎ ዐወጀ። ቀኑንም የመረጡት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን የተወለደበት ቀን ስለሆነ ነው።

የአገሩ መፈክር «ኑር፣ ሌላውንም አኑር» እንደ ማለት ነው። ሐሳባቸው አጭር ነው። መንግሥት ሥራው ዳኝነት፣ ጸጥታና ከውጭ አገሮች ጋር መገናኘት ብቻ ይሁን፤ ትምህርት ቤትም ሆነ ሐኪም ቤት ሰው በራሱ ገንዘብ ያቋቁም፤ ግብርም በውዴታ ብቻ ይከፈል ይላሉ። ዜጋ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ስሙን ይመዘግባል። ዜግነት ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ በመስጠት ወይም ሥራ በመሥራት «ሜሪት» የሚባል ነጥብ ማከማቸት አለበት። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከዓለም ዙሪያ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ስሙን አስመዘገበ። ከተመዝጋቢዎቹም ብዙዎቹ የራሳቸው መንግሥት ያስመረራቸው ሰዎች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ሰርቢያ ነገሩን እንደ ቀልድ አየችው። ክሮኤሺያ ግን ፖሊሶቿን በየብስና በጀልባ አሰማራች። ዬድሊችካም በተመሠረተ በወሩ ወደ ቦታው ሲገባ ተይዞ «ወሰን ያለ ፈቃድ አልፈሃል» ተብሎ ተቀጣ። ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች አንድም እውቅና የሰጠው የለም። በ2023 ዓ.ም. ክረምት ጥቂት ሰዎች እዚያው ሰፍረው ጎጆ ቢጤ ሠርተው ነበር። በመስከረም ወር የክሮኤሺያ ሰዎች በፖሊስ ታጅበው መጥተው የተሠራውን አፈረሱት። እንግዲህ ሰንደቅ ዓላማውም፣ ሕገ መንግሥቱም፣ የስም መዝገቡም አለ፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ግን የለም።

ሐሳቡ ራሱ ከሊበርላንድ በፊትም ነበረ። በ1972 ዓ.ም. ማይክል ኦሊቨር የሚባል የአሜሪካ ባለ ሀብት ከጓደኞቹ ጋር በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ከቶንጋ ደሴቶች ደቡብ ምዕራብ የሚገኘውን ሚነርቫ የሚባል የኮራል ድንጋይ መረጠ። ድንጋዩ ባሕሩ ሲሞላ ውሃ የሚውጠው ነው። በጀልባ አሸዋ አምጥተው እላዩ ላይ ከመሩና ሪፐብሊክ መመሥረታቸውን ዐወጁ። በዚያ አገር ግብርም፣ ከመንግሥት የሚሰጥ ድጎማም አይኖርም ተባለ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የቶንጋ ንጉሥ ቦታው የሳቸው መሆኑን ዐወጁና ሰንደቅ ዓላማው ወረደ። አሸዋውንም ባሕሩ ወሰደው።

ስዊድን እንዴት ያለ አገር ነበር?

አሁን ወደ ስዊድን እንለፍ። ዛሬ ስዊድን ሲባል ሀብታም አገር ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ከጥንት እንዲህ አልነበረም። ከ1867 ዓ.ም. ጀምሮ ክፉ ረኃብ ገብቶባት ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስከ 1930 ዓ.ም. ድረስ 1.3 ሚሊዮን የሚያህሉ ስዊድኖች አገራቸውን ጥለው ተሰደዋል፤ የሚበዙትም የሄዱት ወደ አሜሪካ ነው። ሰው ከድህነት የተነሣ በመርከብ ተጭኖ የሚሄድባት አገር ነበረች።

የድሆቹም አያያዝ የሚያሳፍር ነበር። በየገጠሩ አጥቢያ ያለ ጧሪ የቀሩ ሽማግሌዎችና ወላጅ የሌላቸው ልጆች በጨረታ ይሰጡ ነበር። ይህ ጨረታ እኛ ከምናውቀው የተገላቢጦሽ ነው፤ አሸናፊው ብዙ የሚከፍለው ሳይሆን «በትንሽ ገንዘብ አኖረዋለሁ» የሚለው ነው። አጥቢያው ለዚያ ሰው ትንሹን ገንዘብ ይከፍለዋል፤ እሱም ልጁን ወስዶ በሥራ ያደክመዋል። ይህ ነገር በሕግ የተከለከለው በ1918 ዓ.ም. ነው። አስቡት፣ ከዛሬ መቶ ዓመት ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ሠራተኞቹና የእጅ ባለሙያዎቹ ምን አደረጉ? ለኛ የሚጥመን ታሪክ እዚህ ላይ ነው። እነሱም እንደኛው ዕድር አቋቋሙ! በየሙያቸውና በየሰፈራቸው ሆነው የሕመምና የቀብር ገንዘብ የሚባል ማኅበር መሠረቱ። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ የታመመ አባል ይረዳበታል፤ የሞተም ይቀበርበታል። ማንም አላስገደዳቸውም። በ1891 ዓ.ም. መንግሥት እነዚህ ማኅበሮች የሚመዘገቡበትን ሕግ አወጣና ጥቂት ድጎማ ይሰጣቸው ጀመር። እንግዲህ የስዊድን መንግሥት የዛሬው አሠራር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከሰፈር ሳጥን የተነሣ ነው።

ይሁንና ማኅበሮቹ ጉድለት ነበረባቸው። ያረጀ ሰው ወይም በሽተኛ ልግባ ቢል ገንዘባችንን ይጨርስብናል ብለው አይቀበሉትም። በጣም የደኸየው ደግሞ መዋጮውን አይችልም። አባሉ ጥቂት የሆነ ማኅበር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲታመምበት ሳጥኑ ባዶ ይቀራል። ማለት በጣም የሚቸገረው ሰው ከውጭ ቆሞ ይቀራል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ስዊድኖች ቀስ በቀስ ሠሩ። በ1913 ዓ.ም. ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን የጡረታ ሕግ አወጡ። ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ለገበሬውም፣ ለገረዲቱም፣ ለሁሉም የሚሆን ሕግ በማውጣት ከዓለም ቀዳሚዎች ናቸው። ገንዘቡ ጥቂት ነበር፤ ጡረታ መውጫውም 67 ዓመት ነበር። ቢሆንም መዝገቡ ለሁሉም ተከፈተ።

በ1928 ዓ.ም. ፔር አልቢን ሃንሶን የሚባለው የሶሻል ዴሞክራቶች መሪ በምክር ቤት ንግግር አደረገ። የንግግሩ ፍሬ ነገር አገር እንደ ጥሩ ቤት መሆን አለበት፤ በጥሩ ቤት ውስጥ ደግሞ አንዱ የናት ልጅ፣ ሌላው የእንጀራ ልጅ አይሆንም የሚል ነው። በ1932 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1946 ዓ.ም. አንድ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደ ማንኛውም ሰው በከተማው የኤሌክትሪክ ባቡር ተሳፍሮ ሄደና ሲወርድ እዚያው ፌርማታው ላይ ልቡ ቆሞ ሞተ። የአንድ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር ከሕዝብ ጋር ተጋፍቶ ሲሄድ ሞተ ማለት ነው። በንግግሩ ያለውን በኑሮው እንደ ያዘው ይመስለናል።

ከሱ በኋላም ሥራው ቀጠለ። በ1948 ዓ.ም. ሀብታም ደሃ ሳይባል ለእያንዳንዱ ሕፃን በዓመት 260 ክሮነር ይሰጥ ጀመር። በ1955 ዓ.ም. የሕመም ዋስትና ለሁሉም ግዴታ ሆነ፤ የድሮዎቹ ማኅበሮችም ሥራ በዚሁ ተጠቀለለ። በ1959 ዓ.ም. የተጨማሪ ጡረታ ሕግ ሲጸድቅ ምክር ቤቱ በጣም ተከራክሮ ሕጉ ያለፈው በአንድ ድምፅ ብልጫ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ልጅ ሲወለድ ለእናትም ለአባትም የሚሆን የፈቃድ ገንዘብ ተፈቀደ። በየዓመቱ አንድ አንድ ጡብ እያኖሩ ሠሩት እንጂ በአንድ ቀን ዐዋጅ አልቆመም።

ቀብሩ እንዴት ነው?

የኛ መጽሔት የዕድር መጽሔት ነውና ይህን ሳንጠይቅ አናልፍም። በስዊድን አገር በሕዝብ መዝገብ የተጻፈና ገቢ ያለው ሰው ሁሉ ከግብሩ ጋር የቀብር ክፍያ ይከፍላል። ክፍያው ከመቶ ክሮነር ገቢ ላይ ግማሽ ክሮነር እንኳ አይሞላም። ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በ2000 ዓ.ም. ከተለያዩ በኋላም የሁሉም ግዴታ እንደ ሆነ ቀጥሏል፤ የቤተ ክርስቲያን አባል ቢሆንም ባይሆንም ይከፍላል።

በዚህ ክፍያ ሟቹ ለ25 ዓመት የመቃብር ቦታ ያገኛል። የመቅበሩ ወይም የማቃጠሉ ሥራ፣ የስንብት ሥርዓት የሚደረግበት አዳራሽና አስከሬኑን ከዚያ ወደ መቃብር የማጓጓዙ ሥራ ከዚሁ ይሸፈናል። የሬሳ ሳጥኑ፣ አበባውና የመቃብሩ ድንጋይ ግን የቤተ ሰቡ ነው። ቀብሩም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ መፈጸም አለበት ይላል ሕጉ። ለኛ ይህ ይገርማል፤ እኛ ጠዋት የሞተውን ከሰዓት በኋላ እንቀብራለን።

ስለ ሊበርላንድስ? እዚያ ተረጋግቶ የሚኖር ሰው ስለሌለ የመቃብር ጉዳይ አልተነሣም። በጽሑፍ በሰፈረው ሐሳባቸው ግን ይህም እንደ ሌላው ሁሉ የሰውየው የራሱ ጉዳይ ነው። ያለው ይቀበራል፤ የሌለው ደግሞ የሰው ደግነት ካገኘ ይቀበራል።

የሁለቱም ነውር

ፍርድ ለማስተካከል የስዊድንን ጉድለት መናገር ይገባናል። ይህ ሁሉ በነፃ አልመጣም። አገሩ በዓመት ከሚያመርተው ሀብት ከመቶ 40 እጅ የሚያህለው በግብር ይሰበሰባል። ዕቃ ሲገዛም በአብዛኛው ዕቃ ላይ ከመቶ 25 ይጨመርበታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባንኮቹ ተናግተው፣ ሥራ አጥ በዝቶ፣ በመስከረም 1992 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንኩ የገንዘባቸውን ዋጋ ለማዳን ለባንኮች የሚያበድርበትን ወለድ ከመቶ 500 አድርሶት ነበር። ከዚያ በኋላ የጡረታውን ሕግ እንደ ገና አሻሽለው ልክ አበጁለት። ሳጥኑ ሲጎድል ካርታውን እንደ ገና መሥራት ግድ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1975 ዓ.ም. በነበረ ሕግ 63,000 የሚያህሉ ሰዎች፣ የሚበዙትም ሴቶች፣ እንዳይወልዱ ተደርገዋል። ወደውና ፈቅደው ያደረጉት ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ተገደው ወይም «ካልፈረምሽ ከዚህ አትወጪም» ዓይነት ነገር ተጭኗቸው ነው። አእምሮው ደካማ ነው፣ ጠባዩ ልክ አይደለም እየተባለ ነበር። «ሁሉም የቤቱ ልጅ ነው» ያለው ያው መንግሥት ነው ይህን ያደረገው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ጥፋቱን አምኖ በግድ ለተደረገባቸው ሰዎች 175,000 ክሮነር እየካሰ ከፈለ። የሚመግብ እጅ ካልተቆጣጠሩት የሚያንቅ እጅም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የሊበርላንድ ሰዎች መንግሥትን የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ነገር እውነት አላቸው።

የነሱ ስሕተት ሌላ ነው። እነሱ መዋጮ ሰውን ከነፃነቱ የሚነጥቅ ነው ይላሉ። እኛ ግን በመዝገብ ቤት ዓይን ስናየው መዋጮ ማለት ዛሬ ያልሞተበት ሰው ዛሬ ለሞተበት የሚከፍለው ነው። ያልሞተበት ሰው በውዴታው ብቻ ይክፈል ካልን፣ እሱ የሚከፍለው ሞት በደጁ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ምንም የለም። መቶ ሺሕ ስም ያለበት መዝገብ አንድ ድንኳን ካላስተከለ ያው ወረቀት ነው። ስዊድኖች ከኛው በመሰለ የውዴታ ማኅበር ጀምረው ወደ ግዴታ የሄዱት ሰውን መጫን ስለሚወዱ አልነበረም። የውዴታው መዝገብ ደካማውን ከውጭ እያስቀረ ስላስቸገራቸው ነው።

ወደ ዕድራችን ስንመለስ

እንግዲህ ዕድራችን ከሁለቱ የቱን ይመስላል? እውነቱን እንናገርና ሁለቱንም ይመስላል። ከቤተ መንግሥት በመጣ ትእዛዝ አልቆመም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተመካክሮ ነው ያቆመው። መግባት በፈቃድ ነው፤ መውጣትም በፈቃድ ነው። በዚህ የሊበርላንድ ሰዎች ቢያዩን ደስ ይላቸዋል። ከገቡ በኋላ ግን መዋጮው ግዴታ ነው፤ ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ በደንቡ ከተወሰነው ወር በላይ ያልከፈለ ይሰረዛል። በዚህ ደግሞ ስዊድንን እንመስላለን። ወጣቱ ልጃችን የጠየቀው ይህን ሁለተኛውን እግር እንቁረጠው ነው። በአንድ እግር የሚቆም ድንኳን የለም።

ነገር ግን ልጁን ብቻ ወቅሰን ብናልፍ ደግ አይሆንም። እኛም ራሳችን የምንናዘዘው አለ።

ጸሐፊነቱን በያዝን በሁለተኛው ዓመት ይመስለናል፣ ክረምት ነበር፤ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆሎ ትሸጥ የነበረች እናት ሞተች። አብዛኞቻችሁ ታስታውሷታላችሁ። ከሰው ግቢ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር የምትኖረው። ልቅሶ ባለበት ቤት ሁሉ ከማንም ቀድማ ትገኝ ነበር፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ሲመሽም ዕቃ ታጥባ ትሄዳለች። ማለዳ አንድ ልጅ እየሮጠ መጣና «ጋሼ፣ ጡሩምባ ይነፋ ወይ?» ብሎ ጠየቀን። መዝገቡን ገለጥን። ስሟ የለም።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አንዳንዶቹ አዘኑ፤ ግን «ደንብ ደንብ ነው፣ ዛሬ ላንዷ ብናደርግ ነገ ሁሉም ሳይከፍል ይመጣል» ተባለ። ሐሰትም አልነበረም። ነገሩ እሷ ልትገባ አልፈለገችም እንዳይባል፣ ከዚያ በፊት መጥታ የመግቢያውን ጠይቃን ነበር። አዲስ ገቢ እስከዚያ ከተጠራቀመው ንብረት ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ብረት ድስቱን አስቦ ድርሻውን ባንድ ጊዜ መክፈል አለበት። ስንነግራት ዝም ብላ ሰምታን «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። በቀብሯ ዕለት ጎረቤቶች በነጠላ ገንዘብ ለምነው፣ በዝናብ፣ ጥቂት ሆነው ቀበሯት። እኛም በቃለ ጉባኤው ላይ «ስሟ በመዝገብ ስለሌለ ድንኳን አልወጣም» ብለን ጻፍን። ያቺን መስመር የጻፈው የኛው እጅ ነው። ፊደሉም አምሮ ነበር።

የስዊድንን የድሮ ማኅበሮች ታሪክ ስናነብ፣ ሽማግሌውንና በሽተኛውን ከደጅ መለሱ የሚለው ላይ ስንደርስ፣ መነጽራችንን አውልቀን ትንሽ ቆየን። የሩቅ አገር ታሪክ መስሎን ነበር።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መዋጮው በውዴታ ይሁን የሚለውን ሐሳብ እኛ አንደግፍም። ልጃችን ሆይ፣ ስድስት ዓመት ከፍለህ ድንኳን ስላልተተከለልህ አልከሰርክም። የከፈልከው ለሌላው ቤት ቀን ሆኗል። ያንተም ቀን ሲመጣ፣ እግዚአብሔር ያርቀው እንጂ፣ ማንም «ስንት ከፈለ» ብሎ አይቆጥርብህም።

ሁለተኛ፣ ልጁ በአንድ ነገር ልክ ነው። ገንዘብ የሚሰበስብ ሁሉ ሒሳብ ማሳየት አለበት። በዓመት አንድ ጊዜ በጥድፊያ የሚነበብ ሒሳብ አይበቃም። በየሦስት ወሩ ተጽፎ በዕድሩ ቤት በር ላይ ቢለጠፍ፣ የቅጣቱም ገንዘብ ለብቻው ቢታይ መልካም ነው። ይህን ሥራ ጉልበታችን እስካለ ድረስ በነፃ እንሠራለን።

ሦስተኛ፣ የመግቢያው ክፍያ ለተከራይና ለቀን ሠራተኛ በሁለት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲከፈል፣ ሰውየውም የመጀመሪያውን ወር ከከፈለበት ቀን ጀምሮ ሙሉ አባል እንዲሆን ደንባችን ይሻሻል እንላለን። እንዲሁም ከየወሩ መዋጮ ጥቂት ሳንቲም ተለይቶ፣ በሰፈራችን ስሙ በየትኛውም መዝገብ ሳይኖር ለሚሞት ሰው መቅበሪያ ይቀመጥ። ስዊድኖች ይህን ለአገር ሙሉ ሕዝብ አድርገውታል። እኛ ለአንድ ሰፈር ቢያቅተን ያስተዛዝባል።

ይህም ቢሆን የመንግሥት መዝገብ ሁሉን ይሞላል ማለታችን አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሁሉ ነገር በሕግ በተደላደለበት አገር እየኖሩ እንኳ ዕድር ያቋቁማሉ። መንግሥት መቃብሩን ይሰጣል፤ ሐዘንተኛውን ግን ሦስት ቀን ከጎኑ ቁጭ ብሎ አያጽናናም፤ ሬሳም ወደ አገር ቤት አይልክም። ይህ የጎረቤት ሥራ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እንጨርስ። ቆሎ ሻጯ እናታችን መዋጮ ሳትከፍል ልቅሶ ታገለግል ነበር ብለናል። ዛሬ ሲገባን እሷ ከሁላችን የበለጠ አዋጥታለች። እኛ ነን ያልመዘገብነው። የሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሲጠራ ሁላችሁም እንድትገኙ፣ ወጣቱም ልጃችን እንዳይቀር፣ በነዚህ ሦስት ሐሳቦች ላይ እጅ እንድታወጡልን በማክበር እናሳስባለን። መዝገቡን ይዘን እንጠብቃችኋለን።

ፈጣሪ ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውንም በሰላም ያቆየን።